«ዘበኛ ነው፤ ሲነገረው ይወጣል»

(አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው የተደጋገመውን አወጣሁ፤ ከአዳራሹ የተነሣውን አንድ ጥያቄ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ፀሐይ ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ቤት ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬውን ርእስ የወሰድኩት ከአንድ ደላላ አፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. አንድ ደንበኛዬ ሊገዛው ያሰበውን ቤት ለማየት ሄዶ፣ ከጓሮ በኩል አንድ ሽማግሌ ጎመን ውኃ ሲያጠጡ አየ። «እኚህ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ደላላው ዘወር ብሎም አላያቸውም። «ዘበኛ ነው፤ ሲነገረው ይወጣል» አለው። ደንበኛዬም አመነ። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፍርድ ቤት አመላለሰችን።

እኔ የገዢው ጠበቃ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ሽማግሌው ሳወራ የእርሳቸው ወገን እንዳልመስላችሁ ነው። ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ሰፈሩን ግን አልጠራም። ስለ ቤት ክርክር ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «የት ሰፈር ነው?» ስለሆነ፣ ከወዲሁ ተስፋ ቁረጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሴት በ1984 ዓ.ም. ሽማግሌውን፣ ያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው፣ በዘበኝነት ቀጠሩ። በ1986 ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ግቢውን ለእኅታቸው አደራ ሰጡ። እኅትየው ዋናውን ቤት እያከራዩ፣ የዘበኛውን ደመወዝ እየከፈሉ እስከ 1999 ቆዩ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ተከራዮቹም ወጡ። ከዚያ በኋላ ለሽማግሌው ደመወዝ የላከ ሰው የለም፤ «ውጣ» ያለም የለም። የቤቱ ባለቤት ራሳቸው በ2008 በባዕድ አገር ሞቱ። ልጆቻቸው ዋሽንግተን ሆነው በኤምባሲው በኩል ውክልና ላኩ፤ ወኪሉ አረጋገጠ፣ ደላላ ፈለገ፣ ቤቱ ተሸጠ። ውክልናው ያለምንም እንከን ነበር፤ ካርታውም ትክክለኛ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት። ገዢው በስሙ አዛወረ። በወረቀት በኩል ያን ያህል ንጹሕ ሽያጭ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው።

በጓሮ ግን 27 ዓመት የኖሩ ሰው አሉ። ሚስት አግብተውበታል፤ ሦስት ልጆች አሳድገውበታል። በሰፈሩ እድር መዝገብ ላይ በዚያ ቤት ቁጥር የተመዘገበው ስም የእርሳቸው ነው።

ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት በጭንቅላታችን ውስጥ ስላለው ሕግ ላውራ። ከአባቶቻችን የወረስነው «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚል ብሂል አለ። የተናገሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ርስት የአንድ ሰው ሳይሆን የዘር ነበር፤ ሰው ቢሰደድ፣ ቢዘምት፣ ልጁ ሌላ አገር ቢያድግ፣ የልጅ ልጁ ተመልሶ ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻዬን ሊል ይችላል። ይዞ የቆየው ዘመድ «እኔ አርሼዋለሁ፣ ግብር ከፍዬበታለሁ» ቢል ለጊዜው ይደመጣል እንጂ በሩን አይዘጋም። ችሎት ላይ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የሚውሉትም በዚህ ምክንያት ነበር፤ የርስት ክርክር ማለቂያ የለውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ብሂል ፊት ለፊት ነው የተጋፈጠው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሕጉ በ1953 መስከረም በሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 1168ን ብታነቡ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የተጣለውን ግብር 15 ዓመት አከታትሎ የከፈለ ባለይዞታ የንብረቱ ባለሀብት ይሆናል ይላል። በነገራችን ላይ በዚህ ሕግ «ባለሀብት» ማለት ባለቤት ማለት ነው፤ ዛሬ በዜና የምንሰማው ፋብሪካ የሚተክለው ሰው አይደለም። ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነቡ ተማሪዎች እዚህች ላይ ሁልጊዜ ይደናገራሉ።

ሺህ ዓመት ወደ 15 ዓመት ወረደ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን መለኪያው ነው። ሕጉ «15 ዓመት የኖረ» አላለም፤ «15 ዓመት ግብር የከፈለ» ነው ያለው። መኖር በራሱ አይቆጠርም። ግብር ግን ከቤት ተነሥቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ለመንግሥት «ይህ የኔ ነው፣ ዕዳውም የኔ ነው» ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። ለገባሩ ኢትዮጵያዊም ይህ እንግዳ አልነበረም፤ ድሮም መሬት የማን እንደሆነ የሚታወቀው ማን እንደሚገብርበት ታይቶ ነው። ሕጉ ለአሮጌው የቤተ ዘመድ ርስት በዚያው ቁጥር ላይ የተለየ ጥበቃ መተዉም፣ ብሂሉን ሙሉ በሙሉ ለመሻር እንዳልደፈረ ያሳያል።

ይህ ሁሉ 15 ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ አገር መሬት የግል ባለቤት የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጸና፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ በላዩ የሠራኸው ቤት ግን ያንተ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ቦታ ገዛሁ» የሚል ሰው በሕግ ዓይን የገዛው ቤት ነው፤ ቦታው የመጠቀም መብት ነው። ደላላ ፊት ይህን ብትሉ ይስቅባችኋል። ዋጋው የሚወጣው ለቦታው እንደሆነ እርሱም፣ ገዢውም፣ ሻጩም ያውቃሉ። ይህን የምናገረው ግን ለትችት አይደለም። መሬቱ የግል ካልሆነ፣ ቁጥር 1168 ቢበዛ የሚሰጠው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኛም ተከራክረናል።

በከተማ ረዥም ዘመን የኖረ ሰው ሲባል ብዙዎቻችሁ የቀበሌ ቤት ነዋሪን ታስባላችሁ። በአዋጅ 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። የዚያን ጊዜ የገባ ተከራይ ዛሬ የልጅ ልጅ አሳድጎበት ይሆናል፤ ግን ተከራይ ነው። ሃምሳ ዓመት ኪራይ መክፈል ባለቤት አያደርግም፤ እንዲያውም በየወሩ የሚቆረጠው ደረሰኝ «የሌላ ሰው ቤት ነው» የሚል የተፈረመ ምስክር ነው። በዚህ ላይ ረዥም ማውራት ይቻላል፤ ሰፈር ሲፈርስ፣ ምትክ ሲሰጥ፣ የሊዝ አሸናፊ ሲመጣ። ዛሬ ግን ወደ ጓሮው ልመልሳችሁ።

ደንበኛዬ ካርታውን በስሙ ካደረገ በኋላ ወደ ግቢው ሄደ። የመጀመሪያ ቀን «አባባ» ብሎ አነጋገራቸው፤ አንድ ወር ሰጣቸው። በሁለተኛው ወር «እባክዎ» ቀረ። በሦስተኛው ወር «አንቱ» ወደ «አንተ» ወረደ። በአራተኛው ወር፣ ለእኔ ሳይነግረኝ፣ ሦስት ወጣቶች ቀጥሮ የጓሮውን ክፍል ቆርቆሮ አስነሣ፤ የውኃውንም መስመር አስቆረጠ። ሰኔ ነበር። ዝናብ ያለበትን ወር የመረጠው በክፋት ይሁን ባለማሰብ እስካሁን አላውቅም፤ እርሱም አይናገርም።

በሳምንቱ መጥሪያ ደረሰን። ርእሱ «ሁከት ይወገድልኝ» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አዲስ ገዢዎች ሁሉ የሚወድቁባት ጉድጓድ ይህች ናት። ሁከት በሕጉ ቋንቋ ጩኸትና ግርግር አይደለም። አንድ ሰው በእጁ አድርጎ የሚጠቀምበትን ነገር በገዛ ኃይልህ ስታውክበት ሁከት ይባላል። በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነካበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ አቅርቦ ሁከቱ እንዲወገድ ሊጠይቅ ይችላል። ዳኛው በዚህ ክስ የሚጠይቀው «ማን ነበር ይዞት የነበረው?» ብሎ ነው። «የማን ነው?» የሚለው ሌላ ክስ ነው፤ የመፋለም ክስ ይባላል፣ በቁጥር 1206 የሚቀርብ። ደንበኛዬ በመጀመሪያው ቀጠሮ ካርታውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። ችሎት ላይ ካርታ ከፍ አድርጎ መያዝ እንደ ጋሻ የሚቆጥሩ ብዙ አይቻለሁ። ሕጉ ለዚህ የተወው ጠባብ በር ብቻ ነው፤ ተከሳሹ ድርጊቱን የሚፈቅድ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያሻማ ሁኔታ ካስረዳ ነው የሚድነው። ካርታ ባለቤትነትን ያሳያል። ቆርቆሮ የማስነሣት ፈቃድ ግን ካርታ ላይ አይጻፍም።

እኔ የመረጥኩት መከላከያ ሌላ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ጥሩ መከላከያ ይመስለኛል። «ሰውየው ዘበኛ ናቸው፤ ለራሳቸው የያዙት ነገር የለም፤ የያዙት ለአሠሪያቸው ነው፤ ያቺ ይዞታ ደግሞ ከቤቱ ጋር ወደ ደንበኛዬ ተላልፋለች» አልኩ። መርሁ እውነት ነው። ለሌላ ሰው ብሎ መያዝ የጀመረ፣ ተለውጧል ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለሌላ እንደያዘ ይቆጠራል። ዳኛዋ ሰምተው ጨረሱና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «የመጨረሻ ደመወዝ የተከፈላቸው መቼ ነው?»

ደንበኛዬን አየሁት። ደንበኛዬ ወኪሉን አየው። ወኪሉ ስልኩን አየ።

«ደመወዝ የማይከፈለው፣ አሠሪው የማይታወቅ ዘበኛ ምን ይባላል?» አሉ ዳኛዋ። መልስ አልነበረኝም። ከአሥር ዓመት በላይ ያለ አሠሪ የቆየ ሰው ዘበኛ ነው ወይስ ነዋሪ? በሥራ ዘመኔ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጎምዛዛው እርሱ ነበር፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆነም ማምለጫ የለውም። ቆርቆሮው እንዲመለስ፣ ውኃው እንዲቀጠል ታዘዘ። ደንበኛዬ ወጪውን ከፈለ።

እንግዲህ የመፋለሙን ክስ እኛ አቀረብን። አሁን ጥያቄው ማን ባለቤት ነው ሆነ፤ ካርታውም በመጨረሻ ሥራውን አገኘ። በቁጥር 1195 የአስተዳደር ባለሥልጣን የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ ያለበት ተቃዋሚው ነው። ሽማግሌው ጠበቃ ያዙ፤ ጎበዝ ወጣት። ወጣቱ ቁጥር 1168ን አነሣ።

ማስረጃቸውን ያመጡት በአንድ ጥቁር ፌስታል ነው። በችሎቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ሲያወጡ አጠገባቸው ነበርኩ። የውኃ ቢል፣ የመብራት ቢል፣ የእድር ደብተር፣ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ካርድ፣ በላስቲክ የተለበጠ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዚያ ከሁሉ በታች በላስቲክ ተጠቅልሎ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኞች። ቆጠርናቸው፤ 11 ናቸው። ከ2000 እስከ 2010 ዓ.ም.፣ አንድም ዓመት አልተዘለለም። ደመወዝ ከቆመባቸው በኋላ ጎመን እየሸጡ፣ በግ እያደለቡ የከፈሉት ነው። ከ15 አራት ጎድሏል። ስሙ ደግሞ በሁሉም ላይ የቤቱ ባለቤት የነበሩት የሟቿ ስም ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ የሚጽፈው በመዝገቡ ያገኘውን ስም ነውና።

ወጣቱ ጠበቃ ለቁጥሩ መፍትሔ ሊያበጅለት ሞክሯል፤ ከ1984 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሊደምር። ነገር ግን ሽማግሌው ራሳቸው ችሎት ላይ ቆመው ሲጠየቁ «ግብሩን ለምን ከፈሉ?» ተባሉ። እንዲህ አሉ፤ «እትዬ ሲመጡ ቤቱ እንዳይጠፋባቸው ብዬ ነዋ።»

ወጣቱ ጠበቃ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። እኔም የማፍርበትን ያህል አልተደሰትኩም፤ ልክ ነው፣ ጥቂት ተደስቻለሁ፤ ጠበቃ ነኝ። በአንዲት ዐረፍተ ነገር የያዙት ለራሳቸው እንዳልሆነ መሰከሩ። ሌላ ሰው ቢሆን «የኔ ነው ብዬ ነው» ይል ነበር። ብዙ ሰው ብሏል፤ አንዳንዱም ረትቷል። ሕጉ የሚጠይቀው ለማን ብለህ ያዝህ ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለውሸታም ይመቻል። ይህን ጉድለት እስካሁን አልወደድኩትም፤ የተሻለ ጥያቄ ግን አላገኘሁም።

አስገራሚው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ያችው ዐረፍተ ነገር ባለቤትነታቸውን ነጥቃ ሌላ በር ከፈተችላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2257 ጀምሮ ሳይወከል የሌላውን ሰው ሥራ ስለሠራ ሰው ይናገራል። ባለቤቱ በሌለበት፣ ለባለቤቱ ጥቅም ብሎ፣ ሥራውን በሚገባ ያከናወነ ሰው ያወጣው ወጪ ይመለስለታል። 11 ዓመት ግብር ሳይከፈል ቢቀር ልጆቹ ያለ ዕዳ የሚሸጡት ቤት ይኖራቸው ነበር? ወጣቱ ጠበቃ ይህን ያገኘው በማግሥቱ ነው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገር ነበር።

ከዚህ ይልቅ የጠነከረው ግን ቁጥር 1179 ነው። የጓሮዋን ክፍል ሽማግሌው በ1992 ሲያገቡ በጭቃ ሠርተዋታል፤ ኋላ ሲሚንቶ ለስነዋታል። የባለቤቷ እኅት በሕይወት ነበሩ፤ አይተዋል፤ አልተቃወሙም፤ ምርቃትም ሰጥተዋል ይላሉ ጎረቤቶች። በሌላ ሰው ቦታ ላይ፣ ባለ ቦታው ሳይቃወም፣ ቤት የሠራ ሰው የሠራው ቤት የእርሱ ነው ይላል ሕጉ። ባለ ቦታው ሊያስወጣው ይችላል፤ ግን ካሣ ከፍሎ ነው። ተቃውሞ ኖሮ ቢሆን በቁጥር 1178 ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እንግዲህ 27 ዓመት መኖራቸው፣ 11 ዓመት ግብር መክፈላቸው፣ መታወቂያው፣ እድሩ፣ ሁሉም ያላስገኙላቸውን መብት ሦስት በአራት የሆነች አንዲት የጭቃ ክፍል አስገኘችላቸው። ለብዙ ዓመት የኖረ ሰው ካሰበው ያነሰ መብት አለው የምለው ለዚህ ነው። አዲሱ ገዢም ከጠበቀው የበለጠ ግዴታ ጋር ነው የሚገዛው።

ደንበኛዬን ክፉ ሰው አድርጌ እንዳሳየሁባችሁ እፈራለሁ። አይደለም። ሁለት ሚኒባስ ሸጦ፣ ከባንክ ተበድሮ የገዛ ሰው ነው። በየወሩ ወለድ ይከፍላል፤ ራሱ በኪራይ ቤት ነው የሚኖረው። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ለመገመት መጥቶ ግድግዳውን በሜትር ለክቷል፣ ጣራውን ፎቶ አንሥቷል፣ ጎመኑን ተሻግሮ አልፏል፤ «እዚህ የሚኖረው ማን ነው?» የሚል መስመር በቅጹ ላይ የለም። ውል ያረጋገጠው ባለሙያም የሰዎቹን ማንነትና ካርታውን አመሳክሯል፤ ግቢውን ሄዶ ማየት የእርሱ ሥራ አይደለም። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ጎመኑን የጠየቀ ብቻ የለም። እኔንም ጨምሮ፤ ውሉን ያየሁት እኔ ነኝ።

የሚያድነው አንድ ነገር በውሉ ውስጥ ነበር፤ በአጋጣሚ እንጂ በብልሃቴ አይደለም። ከዋጋው የተወሰነው «ገዢው ቤቱን ነጻ ሆኖ ሲረከብ» የሚከፈል ተብሎ ቀርቶ ነበር። ሻጭ የሸጠውን ነገር ሦስተኛ ወገን እንዳያውከው ዋስ የመሆን ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዋሽንግተን ያሉት ልጆች ዳር ሆነው መመልከት አልቻሉም። ስልክ ተደወለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ከገዢው ወገን አንድ አጎት፣ ከሽማግሌው ወገን ደግሞ የሰፈሩ ቄስ። ሦስት እሑድ ፈጀ። ሁለተኛውን እሑድ ያሳለፍነው ልጆቹ በስልክ «እኚህን ሰውዬ አናውቃቸውም» ሲሉ፣ ሽማግሌው ደግሞ የትልቁን ልጅ የልጅነት ቅጽል ስም ጠርተው ሲያስደነግጡት ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልነበረም።

ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ተመዘገበ። የክፍሏ ካሣና የግብሩ ወጪ ከቀረው ክፍያ ላይ ተቀንሶ ለሽማግሌው ተሰጠ፤ እርሳቸውም በስድስት ወር ውስጥ ለመልቀቅ ተስማሙ። ገንዘቡን አልናገርም። ብዙ አልነበረም፤ ከተጠበቀው ግን ይበልጣል።

አንድ ነገር ለገጠር ሰዎች። አማራ ክልል አረንጓዴ ደብተር፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ ያለው ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከተማ ሲገባ የሚነሣው ጠብ ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሕጉ ግን የተለየ ነው፤ የገጠር መሬት የሚተዳደረው በራሱ አዋጅና በክልሉ ሕግ ነው። የዛሬውን ቁጥሮች ይዛችሁ ወደ ገጠር እንዳትሄዱ። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ትራክተር ሲገባ ባለ መሬቶች ጭሰኛውን እያስለቀቁ ራሳቸው ማረስ ጀምረው ነበር፤ የ1967ቱ አዋጅ እንዴት ያለ እልልታ እንደተቀበለው ለመረዳት ያንን ማወቅ ይጠቅማል።

ጥያቄ ካለ ልስማ።

(አንዲት እናት ከፊት ረድፍ ተነሥተው፣ የወንድማቸው ልጅ በጓሯቸው ሰርቪስ ውስጥ 12 ዓመት ያለ ኪራይ እንደሚኖር፣ «15 ሊሞላው ነው፣ ቤቴ ሊሄድብኝ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም።)

እትዬ፣ አይሄድብዎትም። የቤቱን ግብር ማን ነው የሚከፍለው? እርስዎ? እንግዲያው ይተኙ። እርሱ 12 ዓመት ሳይሆን 50 ዓመት ቢኖርም መኖሩ ባለቤት አያደርገውም። አንድ ነገር ግን ያድርጉ፤ ዛሬ ማታ፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ «በእኔ ፈቃድ ነው የምትኖረው» የምትል አንዲት ወረቀት ተፈራረሙ። ቅር ይለዋል ካሉ፣ ለእርሱም እንደምትጠቅመው ይንገሩት፤ ነገ እርስዎ ባይኖሩና ልጆችዎ ከውጭ ውክልና ቢልኩ፣ ዘመድ እንጂ ሰባሪ አለመሆኑን የምታሳይለት ያቺ ወረቀት ናት። አዲስ ክፍል እሠራለሁ ካለዎት ደግሞ ያን ቀን ወይ እሺ፣ ወይ እምቢ ይበሉ። ዝም እንዳይሉ። እንዲህ ባለ ነገር ዝምታ በሕጋችን መልስ ነው።

ሽማግሌው ምን ሆኑ ለምትሉኝ፣ በተስማማንበት ጊዜ ውስጥ ወጥተዋል። ከስድስቱ ወር አንድ ሳምንት ሲቀረው። ልጃቸው ከተማ ዳር ቤት ተከራይታላቸው ነበር። ርክክቡን ለማየት ሄጄ ነበርና፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሽማግሌው መፍቻ ይዘው ተመለሱ፤ የክፍሏን በር ከማጠፊያው መንቀል ጀመሩ። የብረት በር ነው፤ ቀለሙ የተላጠ። ደንበኛዬ ወደ እኔ ተጠጋና ዝቅ ባለ ድምፅ «ካሣ ከፍያለሁ እኮ፤ በሩም የኔ ነው አይደል?» አለኝ።

ሽማግሌው ሰሙት። ሥራቸውን አላቋረጡም። «ይችን በር በ1995 ከምናለሽ ተራ በትከሻዬ ነው ያመጣኋት» አሉት። «ቤቱን ወስደሃል። እሷ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

ደንበኛዬ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ በአንደኛው ወገን ያዘላቸው፤ ሁለት ሆነው ወደ መኪናው ወሰዷት።